የፈረስ ስም ያወጣሁላቸው ጩኸቶች

ባለፈው ሳምንት፣ ሐምሌ እንደ ልማዱ ከተማችንን ቆሰበርን በጭጋግ ጠቅልሎ በያዘበት በአንዱ ቀን፣ ልጄ ይታይሽ የአዝራርና የመርፌ ማስቀመጫዬን የብስኩት ቆርቆሮ ገልብጣ አንዲት ሚሞሪ አገኘች። ኔትወርክ ከጠፋ ሰንብቷል። ኔትወርክ የጠፋባት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ደግሞ በር እንደተዘጋባት ጥጃ ናት፤ የማታሸተው ጥግ የለም።

ሚሞሪዋ የጥፍር ታህላለች። ጫፏ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ ተደርጎባታል። ነጥቧን ሳያት አወቅኳት፤ ይታይሽ ግን እኔን መች አየችኝ፣ ስልኳ ውስጥ ከታ ከፈተችው።

መጀመሪያ ምንም አልተሰማም። ቀጥሎ ከሩቅ፣ ከጭጋግ ወዲያ እንደሚመጣ ኮቴ ያለ ነገር መጣ። ቀረበ፣ ቀረበና አንድ ሰውዬ ጮኸ።

ድንች እየላጥኩ ነበር። ቢላዋውን ጥዬ ተነሣሁና መስኮቱን ዘጋሁት።

"ቀንሺው! ሰው ይሰማል!"

ዘንድሮ እንዲህ ሆኛለሁ። የባጃጅ ጎማ ሲፈነዳ እደነግጣለሁ። በር ሲንኳኳ እደነግጣለሁ። መንገድ ተዘጋ ሲሉኝ እፈራለሁ፣ ተከፈተ ሲሉኝም እፈራለሁ። ልጄ ሱቅ ተልካ ትንሽ ከዘገየች ነጠላዬን በአንድ ትከሻ ጥዬ መንገድ ላይ እቆማለሁ። መስኮት መዝጋት ጥይትም ወሬም እንደማይመልስ አውቃለሁ፤ እጄ ግን አይሰማኝም።

"እማዬ፣ ይኸ ያንች ነው እንዴ?" አለችኝ ዓይኗን አፍጥጣ። እናቷ የመዝሙርና የሠርግ ዘፈን ሰው ናት ብላ ነው የምታውቀው።

"ምራቂ ነው" አልኳት።

ምራቂ የሚባለው ሻጭ ከሰፈረ በኋላ በላዩ የሚጨምረው ነው። የምን ምራቂ እንደሆነ ለመንገር ግን ከእሷ መወለድ በፊት መመለስ ነበረብኝ።

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። ከጥርባ በኩል፣ ከገጠር፣ ባል አግብቼ ከተማ ከገባሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የአማርኛውን ፊደል አነባለሁ፣ የእንግሊዝኛውን ግን አንዱን ከአንዱ ለይቼ አየዋለሁ እንጂ አያናግረኝም። ባሌ የጭነት መኪና ረዳት ስለነበር ወጥቶ ይከርማል። እኔ ከእናቱ ከእማማ ብርቄ ጋር እኖራለሁ። የባሌ ታላቅ ወንድም አያ ጌትነት ከሚኒባስ መናኸሪያው ፊት ለፊት ዘፈን ቤት ነበረው፤ እዚያ አስገባኝ።

ዘፈን ቤት ማለት አንድ ኮምፒውተር፣ በር ላይ ሁለት ትልልቅ ስፒከር፣ ደንበኛ የሚቀመጥበት የቀርቀሃ አግዳሚ ነው። ሥራችን ሚሞሪ መጫን ነበር። ያን ጊዜ ዘፈን ከሰማይ አይወርድም፤ ሰው በገበያ ቀን ድንቹን፣ ከሰሉን ሸጦ ሲጨርስ ስልኩን ይዞ ይመጣና "ሙዪልኝ" ይላል። የብዙ ሰው ሚሞሪ እንዳይምታታብኝ በጥፍር ቀለም ምልክት አደርግበት ነበር።

የእኛ ሰው ደግሞ ልኩ ቁና ነው። ገብስ ሲሰፈርለት የቁናው አፍ ላይ ጉብ ካላለ እንደተሰረቀ ይቆጥረዋል። ሚሞሪውንም በዚያው ዓይን ነበር የሚያየው።

"ሞላ?" ይለኛል።

"ሞልቷል አባቴ።"

"እስቲ ጠቅጠቅ አድርጊው፤ ትንሽ ይይዛል።"

"ኧረ ይኸ ጤፍ አይደለም!"

"ምራቂስ?"

ምራቂ ሳይሰጡት አይነሣም። ስለዚህ ሁልጊዜ ዳር ላይ ትንሽ ቦታ እተውና መጨረሻ ላይ፣ እያየኝ፣ አንድ ነገር እጨምርለት ነበር። እንዲያ ሲሆን መርቆኝ ይሄዳል።

ከተማችን ውስጥ ፊዚክስ የሚያስተምር አንድ ወጣት መምህር ነበር። ወደ ሌላ አገር ሲዛወር መጣና አምስት አልበም የያዘ ፎልደር ኮምፒውተራችን ላይ ገልብጦ ሄደ።

"ሄቪ ሜታል ይባላል፣ የፈረንጅ ዘፈን ነው" አለኝ። "እዚህ አገር የሚጠይቅሽ የለም። ግን አታጥፊው።"

"ታዋቂዎች ናቸው?"

"አይደሉም። ታዋቂዎቹንማ ዓለም ያውቃቸዋል፣ እነሱን ማን ይረሳቸዋል ብለሽ ነው። እነዚህ በአገራቸውም ሰሚ ያጡ ናቸው። ለዚህ ነው የምሳሳላቸው።"

"ስማቸው ማን ይባላል?"

ሥዕሉን ጠጋ ብሎ አየና ሣቀ። "ፊደሉን እኔም አላነበውም።"

እንዳላፍር ብሎ ነው ብዬ አሰብኩ። በሥዕሉ ላይ ያለው ጽሕፈት የተነቀለ የቀርቀሃ ሥር ይመስላል፤ እርስ በርሱ የተጠላለፈ ነው። የተማረ ሰው ግን እንዴት ፊደል አያነብም? ደግ ሰው ነው አልኩ በልቤ።

ታኅሣሥ ነበር። ቆሰበር በታኅሣሥ ጠዋት ጣት ይቆረጥማል። ደንበኛ ሳይመጣ በፊት፣ ገላጣው ላይ ያለው ውርጭ እስኪቀልጥ፣ የጆሮ ማዳመጫውን አድርጌ አንዱን ከፈትኩት። የመጀመሪያው ጩኸት ሲመጣ ማዳመጫውን ከጆሮዬ ነቅዬ ጣልኩት። የእሳት አደጋ የደረሰበት ሰው መሰለኝ።

ቀኑን ሙሉ ግን አልተወኝም። ከሰል ሻጭ እያስተናገድኩ፣ ዘፈን እየጫንኩ፣ አንዲት ጥያቄ ሆዴ ውስጥ ትመላለሳለች። ሰው ምን ቢሆን ነው እንዲህ የሚጮኸው? ቢመቱት ነው? ቢቀማ ነው? ደግሞስ የሚጮኽ ሰው እንዴት ከበሮውን ሳይስት ይጮኻል?

በማግሥቱ ደግሜ ከፈትኩት።

የእኛ አገር ግብጦ የበላ ሰው የምለው ይገባዋል። ግብጦ መራራ ነው፤ ቆልቶ ውኃ ውስጥ ማክረም ነው፣ ውኃውን መቀየር ነው፣ እንደገና ማክረም ነው። በመጀመሪያው ቀን የቀመሰው ይተፋዋል። የታገሠው ግን በጨውና በሚጥሚጣ እየቆረጠመ እጁን ከሳህኑ መመለስ ያቅተዋል። እነዚያ አልበሞችም እንዲያ ሆኑብኝ። በአራተኛው፣ በአምስተኛው ቀን ምሬቱ እየወጣ ሄደና ሥሩ ያለው ጣዕም ብቅ አለ።

ስማቸውን ማንበብ ስላልቻልኩ እኔው ስም አወጣሁላቸው። የእኛ አገር ፈረሰኛ በፈረሱ ስም "አባ እንትና" ተብሎ ይጠራ የለ? የፈረስ ስም ሰጠኋቸው።

አባ ደወል በትልቅ ደወል ይጀምራል፤ ዘፈኑ ዝግ ያለ ነው፣ ሬሳ ተሸክሞ ቁልቁለት የሚወርድ ሰው አረማመድ አለው። አባ በረዶ ከበሮው ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ነው፤ መቼ እንደሚተነፍስ አይታወቅም። አንዷ ሴት ናት። ሴት እንዲያ ስትዘፍን በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም፤ ለሕፃን እንደሚያንጎራጉር ሰው ዝቅ አድርጋ ጀምራ ሳታስበው ታገሣለች። ለሴት የፈረስ ስም ባይኖር እመት ጭስ አልኳት፤ ጭስ ቀስ ብሎ ገብቶ ነው የሚያስለቅሰው።

አባ ዝናብማ አዋረደኝ። መጀመሪያው ዝናብ ነው፤ ነጎድጓድ፣ ቀጥሎ ጠብጠብ የሚል ዶፍ። ይህን ሳላውቅ ማዳመጫውን አድርጌ ተቀምጫለሁ። እማማ ብርቄ ለጥር ጠላ ያሰበችው ብቅል ደግሞ ከዘፈን ቤቱ ጀርባ ሰሌን ላይ ተሰጥቷል። ማዳመጫውን ወርውሬ ሮጥኩ። ሰሌኑን በአራት ጫፉ ይዤ ስጎትት፣ የጎረቤታችን ሚስት ልጇን ፀሐይ እያሞቀች ታየኛለች።

"ምነው፣ ምን ሆንሽ?"

ቀና ብል ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ንጹሕ ነው። "ተባይ… ተባይ ያየሁ መስሎኝ" አልኩና ብቅሉን መልሼ አሰጣሁት። ውሸቴን ዶሮዎቹ እንኳ ያመኑኝ አልመሰለኝም።

አምስተኛው አባ ጭጋግ ነበር። እሱ ሥዕልም የለው። ሲጀምር ስፒከሩ የተበላሸ ይመስላል፤ ብዙ ሰው እስከዚያ ታግሦ አይጠብቅም። ጊታሩ ከሩቅ ይመጣል፤ ዱብ ዱብ፣ ዱብ ዱብ እያለ ይፈጥናል። ሰውዬው ለመጮኽ አይቸኩልም። በስተመጨረሻ ሲጮኽ ግን ስትጠብቂው የቆየሽ ዘመድ በር የከፈተ ያህል ነው። አምስቱም የተረሱ ናቸው፤ የበለጠ የተረሳው ይሄ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ደግሞ ከሁሉም እሱን ወደድኩ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። አምና አንድ ፅንስ ወርዶብኛል። ስለዚህ ቀስ ብዬ ነው የምራመደው፣ ቀስ ብዬ ነው የምቀመጠው፤ እማማ ብርቄም ባልዲ አላስነካ ብላኛለች። ይህኛው ቢጠፋ ምክንያቱ ይፈለጋል፤ ምክንያቱም እኔ እሆናለሁ። ይህን እያወቅኩ ነበር ጠዋት ጠዋት ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ የማደርገው።

አንድ ቀን አያ ጌትነት ኮምፒውተሩን ሲያይ ቆየና፣ "ለጥር የሠርግ ዘፈን ከባሕር ዳር ይመጣል። ቦታ የለም። ያንን የፈረንጅ ዋይታ አጠፋዋለሁ" አለኝ።

ምን እላለሁ? ስልኬ ባለ ባትሪ መብራቷ ናት፣ ሚሞሪ አትቀበልም። ቤቱ የእሱ፣ ኮምፒውተሩ የእሱ። "እሺ አያ" አልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምራቂ የምሰጠውን ለወጥኩ። ከአዲስ ቅዳም ከተማ ለመጣ ከሰል ነጋዴ አባ በረዶን ጨመርኩለት። ለአንድ ባለ ባጃጅ አባ ደወልን። ድንች ለምትሸጥ ሴት እመት ጭስን፣ ለዳንግላ ሚኒባስ ሹፌር አባ ዝናብን። አንዱን ለአንድ ሰው፤ ቢያንስ የሆነ ቦታ ይኑሩ ብዬ ነው። ማንም ምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ምራቂ አይመረመርም።

አባ ጭጋግን ለአያ ዋሴ ሰጠሁ። አያ ዋሴ ከእኛ መንደር በኩል የሆኑ፣ ስድሳ ያለፋቸው ፈረሰኛ ናቸው፤ ዳማ የሚባል ፈረስ አላቸው። ለጥር የፈረስ በዓል ፉከራና ሽለላ ሊያስጭኑ መጡ። እንደ ልማዳችን በአዊኛ ሰላም ተባባልን፤ ከተማ ውስጥ በዚያ ቋንቋ ሲያናግሩኝ የአባቴ ደጃፍ ላይ የቆምኩ ይመስለኛል። ሚሞሪያቸው ላይ ቀይ ነጥብ አደረግኩና "ምራቂም አለው" አልኳቸው።

"ተባረኪ። በሰላም ያላቅቅሽ" አሉኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ጉዴ ፈላ። ጠዋት ነው፤ ከአምስቱ አንዱን ከፈትኩ፤ ማዳመጫው ግን ጥሩ አልገባም ኖሮ ድምፁ በሁለቱ ስፒከር ወደ መናኸሪያው ወጣ። "ዳንግላ! ዳንግላ! አንድ ሰው!" ይሉ የነበሩት ረዳቶች ባንዴ ዝም አሉ። ጋሪ የሚጎትት ፈረስ ቆመ።

"አንች! ማንን እያረድሽ ነው?" አለ አንዱ ረዳት።

"ዝም በል፣ አማቷን ነው!" አለ ሌላው። መናኸሪያው በሣቅ አውካካ።

ገመዱን ነቅዬ ቀና ብል፣ እማማ ብርቄ እንቁላል የያዘ ሰፌድ ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች።

አልጮኸችብኝም። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። ገብታ ተቀመጠችና ሆዴን አየች።

"የሚሰማው የአንች ጆሮ ብቻ መሰለሽ? እዚያ ውስጥ ያለው ጆሮ የለውም? አምና የሆንሽውን ረሳሽው?"

በማግሥቱ ጠበል ወሰደችኝ። ከዚያ ወዲያ እንዝርቷን ይዛ ዘፈን ቤት እየመጣች አጠገቤ ስትፈትል ትውላለች። እኔም ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ሆዴን አዳመጥኩ። ከዚያ በፊት እንደ ቢራቢሮ የሚል ነገር ይሰማኝ ነበር፤ አሁን ምንም የለም። ጤና ጣቢያ ያለችው አዋላጅ "ገና ነው፣ አንዳንዴ ይተኛል፤ ጠብቂ" አለችኝ። መጠበቅ ለፈራ ሰው ቀላል መሰላት። ጩኸቱ አስደንግጦት ይሆን? እኔ ገድዬው ይሆን? ለማንም አልተናገርኩም፤ ፍርሃቴን እንደ ትኩስ ድንች አፌ ውስጥ ይዤ ሰነበትኩ።

በዓሉ ሊደርስ ሲል፣ ቅዳሜ፣ አያ ዋሴ መጡ። ቀኝ እጃቸው በነጠላ ተጠምጥሞ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል።  ፈረሱ በእኔ ምራቂ ደንብሮ ጣላቸው ብዬ ደመደምኩ።

"አያ ዋሴ፣ ምን ሆኑ?"

"ወደቅኩ።"

"ዳማ… ደንብሮ ነው?"

"ዳማ?" ተቆጡ። "ዳማ ምን ያስደነብረዋል! እኔ ነኝ እንጂ ያረጀሁ። የውርጩ ጭቃ ነው ያንሸራተተኝ።" የቀርቀሃው አግዳሚ ላይ ተቀመጡና በግራ እጃቸው ስልካቸውን አወጡ። "እንዲያውም ያችን ምራቂ ያልሽኝን ልጠይቅሽ ነው የመጣሁ። ቤት ተኝቼ እሷን ነው የሰማሁ።"

የእማማ ብርቄ እንዝርት ቆመ። "ምን ምራቂ?" አለች።

እሳቸው ከፈቱት። ያ የሩቅ ድምፅ መምጣት ጀመረ።

"ስሚ፣ እመት ብርቄ" አሉ አያ ዋሴ፣ በደኅና ጣታቸው ጉልበታቸውን እየመቱ። "ይኸ ሶምሶማ ነው። አየሽ? ልጓሙን ይዞታል። አሁን ትንሽ ላላ አደረገለት… ላላ… አሁን ለቀቀው!"

ግልቢያው መጣ። እውነት ግልቢያ ነበር፤ አንድ ወር ሙሉ ሰምቼው ፈረስ መሆኑን አላወቅኩም ነበር። ሰውዬው ጮኸ። እማማ ብርቄ አማተበች።

ያኔ ጥያቄዬ አመለጠኝ። "አያ ዋሴ፣ ይኸ ሰው ግን ምን ሆኖ ነው?"

ስልኩን አጠፉትና አዩኝ። "ለቅሶ ላይ በፈረስ እየዞርን ስንፎክር አይተሽ የለ?"

"አይቻለሁ።"

"ጀግና ስለሆንን ይመስልሻል?"

"አዎ።"

"ፈርተን ነው፣ ልጄ። ሞት ከመካከላችን አንዱን ወስዷል፤ ቀጥሎ ማንን እንደሚወስድ አናውቅም። ዝም ብንል ፍርሃቱ ውስጣችን ይቀራል። ስለዚህ ጮኸን እናስወጣዋለን። ከዚያ ቤታችን ገብተን እህል እንበላለን። ይኸም ሰውዬ ፈርቶ ነው። የፈራውን ነገር አላውቀውም፤ ፍርሃቱን ግን አውቀዋለሁ።"

እማማ ብርቄ እንዝርቷን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። "እኔ ባሌ የሞተ ጊዜ ድምፄ አልወጣ ብሎ ነበር" አለች፣ ለማንም ሳይሆን። "ሰው 'አላለቀሰችም' አለኝ።" እንዝርቷ መዞር ጀመረ። ከዚያ፣ "ቀንሰህ ክፈታት እስቲ" አለቻቸው አያ ዋሴን።

ሁለት ጊዜ ሰማናት። ስለ ሆዴ የነገርኳት ያን ቀን ነው። እጇን ሆዴ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ለብቻዬ የያዝኩት ፍርሃት ለሁለት ሲሆን ቀለል አለኝ።

አያ ጌትነት እንዳለውም በሰኞው አጠፋቸው። ኮምፒውተሩ "እርግጠኛ ነህ?" ዓይነት ነገር ጠየቀው፤ እሱ ተጫነው፤ ለእኔ አንድ ወር የፈጀው ነገር ሻይ እስኪቀዳ አልቆየም። ልጄ ደግሞ ተንቀሳቀሰች። በአባ ጭጋግ አይደለም፣ በፈረሱ በዓልም አይደለም፤ ትኩስ ድንች በአዋዜ እየበላሁ ሳለ ነው። ድንቹን አፌ ውስጥ እንዳለ ይዤ ጮኽኩ። እማማ ብርቄ ከጓሮ እየሮጠች መጣች።

አራስ ሳለሁ አያ ዋሴ ቅቤ ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ። ሲወጡ ያችን ባለ ቀይ ነጥብ ሚሞሪ መዳፌ ላይ አስቀመጡ። "ልጆቼ አዲስ ስልክ ገዙልኝ። ምራቂሽን መልሻለሁ" አሉኝ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሲሞቱ ፈረሰኞቹ እየፎከሩ ዞሩላቸው፤ ዳማም ባዶ ኮርቻ ጭኖ ይከተል ነበር። እኔ ሚሞሪዋን ቆርቆሮው ውስጥ ከትቼ፣ ልጅ ሳሳድግ፣ ስኖር፣ ረሳኋት።

ይህን ሁሉ ስነግራት ድንቹ ውኃ ውስጥ ቀረ። ይታይሽ ጉልበቷን አቅፋ ስትሰማኝ ቆየችና፣

"እና ፈርተው ነው የሚጮኹት?" አለች።

"አያ ዋሴ እንዲያ ነው ያሉት።"

"አንችም ሁልጊዜ ትፈሪያለሽ። ታዲያ አንች ለምን አትጮኺም?"

 ሰው ቤት ውስጥ ተቀምጦ በልጁ እንዲህ ሲያዝ ምን ይላል? ነገር ለማስቀየር፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያፈርኩበትን ጠየቅኳት። "እስቲ አንች እንግሊዝኛ ታነቢ የለ፤ እውነተኛ ስሙ ማን ይላል?"

ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠጋች። ወደ ታች ወረደች፣ ወደ ላይ ወጣች።

"ስም የለውም እማዬ። 'አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት' ነው የሚል። ቁጥር ብቻ ነው።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ይኸው እኮ!"

ለካ መምህሩ እውነቱን ነበር። የሌሎቹን እንጃ፤ የዚህን ግን ስሙን ማንበብ ያቃተኝ መሃይም ስለሆንኩ አልነበረም። የሚነበብ ነገር አልነበረም። የሰጠሁት ስም ብቸኛ ስሙ ነው። ሌሎቹ አራቱስ? ምናልባት አዲስ ቅዳም አንድ ቤት፣ ዳንግላ አንድ መሳቢያ ውስጥ፣ አንዲት ልጅ ኔትወርክ ጠፍቶባት ቆርቆሮ እየገለበጠች ይሆናል። ብትከፍተው ምን ትለው ይሆን? ቶሎ እንዳትዘጋው ብቻ፤ ግብጦ ነው፣ ይክረምላት።

"ጻፊበት" አልኳት። "አባ ጭጋግ በይው።"

በሁለት አውራ ጣቷ ጻፈችው። ከዚያ ተጫነችውና ስልኩን መሶቡ ላይ አስቀመጠችው። ከሩቅ መምጣት ጀመረ። ክፍሉ ታፍኖ ነበር፤ ተነሥቼ መስኮቱን ከፈትኩት። የሐምሌ ጭጋግ ከነብርዱ ገባ። ሶምሶማው ወደ ግልቢያ ሲሄድ ይታይሽ ዓይን ዓይኔን አየችኝ፤ "ቀንሺው" እስክላት እየጠበቀች ነው።

ቢላዋዬን አነሣሁና ድንቼን መላጥ ቀጠልኩ።